አራት ዓመት ፒፔት ይዤ ባከንኩ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ላለፉት አራት ዓመታት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ፒፔት (ፈሳሽ በጠብታ መመጠኛ) ይዤ ባክቴሪያ በማሳደግና በመለየት ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። አሁን ማስተርስ መማር ፈልጌያለሁ። ልቤ ያረፈው የረቂቅ ተሕዋስያንን ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤአቸውን)፣ ብዝኃነትና ዝግመተ ለውጥ በሚያጠናው ዘርፍ ላይ ነው። ግን ኮዲንግ በሚባል ነገር ደጅ አልፌ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስታቲስቲክስ ላይ ያገኘሁት ሲ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹አራት ዓመት ሙሉ ፒፔት ይዘሽ ባከንሽ። አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱንም ነገ ኤአይ ይወስደዋል› ትለኛለች። ሁለት አማካሪዎች ሊቀበሉኝ ፈቃደኛ ናቸው። አንዱ ስማቸው የገነነ፣ ትልቅ ላብራቶሪ ያላቸው ናቸው። ሌላዋ ገና ጀማሪ ናቸው፤ ያሏቸው ሦስት ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ማንን ልምረጥ? ወይስ ነገሩን ከነአካቴው ልተወው?
ግራ ገባኝ ነኝ»

እህቴ ግራ ገባኝ፣

አትተዪው። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ጓደኛሽ ግማሹን እውነት ነው የነገረችሽ። የዚህ ዘርፍ ተማሪ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነው። «ባከንሽ» ያለችው ላይ ግን ተሳስታለች። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ወደዚህ ትምህርት የገባሁት በተቃራኒው በር ነው። ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ባክቴሪያን ግን ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር በቅጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አንድ የባክቴሪያ ጂኖም እንድገጣጥም ተሰጠኝ። ማሽኑ ቆራርጦ ያነበባቸውን አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በኮምፒውተር አገጣጠምኩ። ጂኖሙ ከዘመዶቹ በጣም ገዝፎ ወጣ። ዘመዶቹ የሌሏቸው ጂኖችም ሞልተውታል። ዓይኔ ፈጠጠ። አዲስ ግኝት ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። ሥዕል አሳምሬ፣ ሰንጠረዥ ሠርቼ የላብራቶሪው ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ከኋላ የተቀመጠው ቴክኒሻን እጁን አወጣ። እንደ አንቺ ዕድሜውን ፒፔት ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። «ዲኤንኤው የወጣ ቀን ጎረቤት ትሪ ላይ ምን ነበር?» አለ። በቃ። አዲስ ያልኳቸው ጂኖች የጎረቤቱ ባክቴሪያ ጂኖች ነበሩ። ጠብታ ተሻግሯል።

ያሳፈረኝ መሳሳቴ ብቻ አይደለም። ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። የእኔ ባክቴሪያ ቁርጥራጮች እያንዳንዳቸው በአማካይ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ተነበዋል። እነዚያ «አዳዲሶቹ» ግን የተነበቡት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። አንድ ሴል ውስጥ አብረው የኖሩ ቢሆኑ የተነበቡበት መጠን ይቀራረብ ነበር። ኮምፒውተሩ ይህን ደብቆኝ አይደለም። እኔ መጠየቅ አላወቅሁበትም።

እንዲህ ያለው ጉድ የሚደርሰው ጀማሪ ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2015 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የታርዲግሬድን ጂኖም አንብቦ ውጤቱን አወጣ። ታርዲግሬድ ስምንት እግር ያላት፣ ብትደርቅም ብትቀዘቅዝም በቀላሉ የማትሞት ደቃቃ ፍጥረት ናት። ቡድኑ ከጂኖቿ ከስድስቱ አንዱ ያህል ከባክቴሪያና ከሌሎች ባዕዳን የመጣ ነው አለ። ዜናው በየቦታው ተናኘ። ብዙም ሳይቆይ የዚያችኑ ዝርያ ጂኖም ለብቻው ያነበበ ሌላ ቡድን መጣ። አብዛኛው ባዕድ የተባለው ነገር ከናሙናው ጋር አብሮ የተነበበ የባክቴሪያ ብክለት መሆኑን አሳየ። ሁለቱም ቡድኖች ኮድ መጻፍ ያውቃሉ። ልዩነቱ ዲኤንኤው ከየት መጣ ብሎ መጠራጠር ላይ ነበር።

ስለዚህ አንቺ ኮዲንግ ፈራሁ ስትይ እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፤ ስክሪኑን ማመን። እዚያ ላይ ደግሞ አራት ዓመት ተምረሻል። የቆሸሸ ፕሌት (ባክቴሪያ የሚያድግበት ሳህን) ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። የትኛው ባክቴሪያ ቀርፋፋ፣ የትኛው ሌላውን ውጦ እንደሚያድግ ታውቂያለሽ። ስም የተለጠፈበት ቱቦ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ስሙ እንዳልሆነም ሳታውቂ አትቀሪም።

መቀየር ያለብሽ ልማድ ግን አለ። በሥራሽ ባክቴሪያውን ለይተሽ «ኢ. ኮላይ ነው» ካልሽ መዝገቡ ይዘጋል። እዚህ ትምህርት ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2002 የወጣ አንድ ጥናት ሦስት ኢ. ኮላዮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ላብራቶሪ ውስጥ የኖረው ጨዋው ኬ-12 ነው። ሁለተኛው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኦ157 ነው። ሦስተኛው የሽንት ቧንቧ የሚያሳምም ነው። የሦስቱ ፕሮቲኖች ተደምረው ሲታዩ ሦስቱም በጋራ ያሏቸው 39 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ስማቸው አንድ ነው፤ ከንብረታቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን የጋራ አይደለም። በሌላ በኩል ሺጌላ የሚባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ አለልሽ። በስም የተለየ ነው። በጂኖም ሲታይ ግን ኢ. ኮላይ ውስጥ የተሰገሰገ ነው፤ ስሙ የቀረው ሐኪሞች ስለለመዱት ነው ማለት ይቻላል። ስም ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው በዚህ ዘርፍ ቶሎ ግራ ይጋባል።

ምክንያቱ ባክቴሪያ ከእናቱ ብቻ አለመውረሱ ነው። ከጎረቤትም ይወስዳል። በ1928 ግሪፊዝ የተባለ ተመራማሪ የሞተ ገዳይ ባክቴሪያና ሕያው ግን የማይጎዳ ባክቴሪያ ቀላቅሎ አይጥ ሲወጋ አይጧ ሞተች። ሕያዋኑ ከሞቱት አንድ ነገር ወስደው ነበር። ያ ነገር ዲኤንኤ መሆኑን አቬሪና ባልደረቦቹ በ1944 አሳዩ። ዛሬም የመድኃኒት መላመድ የሚሰራጨው በአብዛኛው በጎረቤት ውሰት ነው። ኤምሲአር-1 የሚባለውን ጂን ሰምተሽ ይሆናል። ሌላው መድኃኒት ሁሉ እምቢ ሲል የሚሰጠውን ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ጂን ነው። ፕላዝሚድ (ከባክቴሪያ ባክቴሪያ የሚሻገር ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ተሳፍሮ መገኘቱ ይፋ የሆነው በ2015 መጨረሻ ነው። ከዚያ ሰዎች ወደ ፍሪዘራቸውና ወደ ቆየ ዳታቸው ተመልሰው ሲፈልጉ በብዙ አገሮች ቀድሞ ገብቶ አገኙት። ለካ ናሙናው እጃቸው ላይ ነበር። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ጓደኛሽ «ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው» ስትልሽ አንድ ታሪክ ንገሪያት። በ2015 ከባሕር ወለል ደለል ውስጥ በቀጥታ በተነበበ ዲኤንኤ ሎኪ የሚል ስም የወጣለት አርኬያ ተገኘ። አርኬያ ማለት በ1977 ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ከባክቴሪያ ለይተው ያወጧቸው ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ናቸው። ሎኪ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ሴሎች ጂኖች የሚመስሉ ጂኖች ነበሩት። የእኛ የሩቅ ዘመድ ተገኘ ማለት ነው። ግን ሴሉን ያየ የለም። ያለው ኮምፒውተር ላይ የተገጣጠመ ጂኖም ብቻ ነው። አንዳንዶች ብክለት ቢሆንስ ብለው ተከራከሩ። በዚህ ጊዜ ጃፓን ውስጥ አንድ ቡድን ከባሕር ጥልቅ ያወጣውን ጭቃ ሲንከባከብ ዓመታት ቆጥሮ ነበር። በጠቅላላው 12 ዓመት ፈጀባቸው። ጭቃው ውስጥ የነበረው የሎኪ ዘመድ አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ለብቻውም አያድግም፤ ባልንጀራ ይፈልጋል። በመጨረሻ አሳደጉት። በ2020 ጥናቱ ሲታተም እነዚያ አወዛጋቢ ጂኖች ከራሱ ጂኖም ውስጥ ተነበቡ። ማይክሮስኮፕ ሥር ደግሞ ከአካሉ ረጃጅም ክንዶች የዘረጋ ደቃቃ ሴል ታየ። ያን ቅርጽ ጂኖሙ ብቻውን አያሳይም ነበር። እኔ ይህን ዘርፍ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ጭቃ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

የባዮሎጂ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪም በ1988 የጀመረው ሙከራ እንደዚሁ የእጅ ሥራ ነው። 12 ብልቃጥ ኢ. ኮላይ። በየቀኑ ከእያንዳንዱ አንድ መቶኛውን ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር። በየ500 ትውልዱ ናሙና ማቀዝቀዝ። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ከ12ቱ በአንዱ ውስጥ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር የሚመገብ ኢ. ኮላይ ብቅ አለ። ኢ. ኮላይ ይህን እንደማይችል መለያው ተደርጎ በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈ ነው። ጂኖም ማንበብ ሲረክስ የቀዘቀዙትን ናሙናዎች አውጥተው ለውጡ በየትኛው ደረጃ እንደመጣ ተከታተሉት። የተቀዘቀዘው ናሙና በሥርዓት ባይቀመጥ ኖሮ ማንኛውም ኮምፒውተር አያድናቸውም ነበር።

እሺ፣ ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ። ኮዲንግ ትማሪዋለሽ። ለዚህ ሥራ የሶፍትዌር ባለሙያ መሆን አይጠበቅብሽም። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በትእዛዝ መስመር ፋይል መክፈት፣ መፈለግ፣ መቁረጥ፣ መቁጠር ልመጂ። ከዚያ አር እና ፓይተን ከሚባሉት የኮዲንግ ቋንቋዎች ምረጪ፤ አንዱን ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ የጀመረ ሁለቱንም ሳይችል ይቀራል። ከደረቅ የኮርስ መልመጃ ደግሞ የራስሽን ባክቴሪያ እመርጥልሻለሁ። አራት ዓመት ያሳደግሽው ባክቴሪያ ጂኖም በነጻ የሕዝብ የመረጃ ቋቶች ላይ በብዛት ሳይኖር አይቀርም። ኤንሲቢአይ የሚባለው የአሜሪካ የመረጃ ቋት ገብተሽ የአሥሩን ጥሬ ዳታ አውርጂ። ጥራቱን ፈትሺ፣ ገጣጥሚ፣ ጂኖቹን ለዪ፣ የዘር ሐረግ ዛፍ ሥሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ሶፍትዌር በመጫን ብቻ ያልቃል፤ ይህ ሁላችንም ላይ ደርሷል፣ አንቺ ደደብ ስለሆንሽ አይደለም። ሁለት ሦስት ወር በትርፍ ሰዓትሽ ሞክሪው። አንድ ነገር እዪ፤ ፕሮግራሙ እምቢ ሲልሽ ትበሳጪና ትዘጊዋለሽ ወይስ ሌሊት ተነስተሽ ደግመሽ ትሞክሪያለሽ? ትምህርቱ ይሆንሽ እንደሆነ ከእኔ ምክር ይልቅ ይህ ይነግርሻል።

ከኮዲንግ ይልቅ አጥብቀሽ እንድትይዢው የምፈልገው ስታቲስቲክስን ነው፤ በተለይ ከዘር ሐረግ ጋር ሲገናኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው አሥር ወንድማማቾች ሁሉም ረጃጅሞች፣ ሁሉም ዘፋኞች ናቸው እንበል። «ረጅም ሰው ይዘፍናል፣ አሥር ማስረጃ አለኝ» ብትዪ ያስቃል። ያለሽ አንድ ቤተሰብ ነው። ባክቴሪያ ላይ ግን ይህን ስህተት በየጊዜው እናያለን። ከአንድ ወረርሽኝ የተሰበሰቡ ሁለት መቶ ናሙናዎች ሁለት መቶ ምስክር አይደሉም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ጂን ከበሽታው ክፋት ጋር አብሮ ታየ ማለት ጂኑ አመጣው ማለት አይደለም፤ አብረው የተወረሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ አማካሪ ይህን በመጀመሪያው ዓመት ያስገባሻል።

ኤአይን በተመለከተ አልጨቃጨቅም። ኮድ ይጽፋል፣ ደህና አድርጎም ይጽፋል። እኔም እጠቀምበታለሁ። እንዲያውም እንደ አንቺ ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው ተመችቷል። ግን ቱቦው የት እንደነበር አያውቅም። የሰጠሽን ኮድ መስመር በመስመር ማስረዳት እስክትችዪ ድረስ ውጤቱን የመመረቂያ ጽሑፍሽ ውስጥ አታስገቢ።

አሁን አማካሪዎቹ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አንዱ ዝናቸውን ነገርሽኝ። ስለ ሌላዋ የተማሪ ቁጥራቸውን። ሁለቱ ምን እንደሚያጠኑ ግን አንዲት ቃል የለችም! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ። በዚህ ዘርፍ ውስጥ እኮ መንደሩ ብዙ ነው። ፕላዝሚድ ከባክቴሪያ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚዘል የሚያጠና አለ። ነፍሳት አካል ውስጥ ተጠልለው ጂኖቻቸውን እየጣሉ ስለሚኮማተሩ ባክቴሪያዎች የሚያጠናም አለ፤ ካርሶኔላ የምትባለዋ ጂኖሟ 160,000 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ብቻ ነው፣ የኢ. ኮላይ ኬ-12 ግን 4.6 ሚሊዮን ነው። አሳድገን የማናውቃቸውን ከአፈርና ከባሕር ዲኤንኤ የሚያነብ አለ። ከጥንት አጥንት የወረርሽኝ ባክቴሪያ የሚያወጣ አለ። እነዚህ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። የዕለት ውሎሽም አንድ ዓይነት አይሆንም። የሁለቱንም ሰዎች የቅርብ ጊዜ ሦስት ሦስት ጽሑፍ አንብቢ። የትኛውን ስታነቢ «ቆይ፣ እንዲህ ቢሆንስ?» ብለሽ ጠርዙ ላይ ጻፍሽ? መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ለብቻቸው አግኚ። አማካሪው በሌሉበት። የምትጠይቂው ቀላል ነው። በወር ስንት ጊዜ ይገናኛሉ? የመጨረሻው ተማሪ በስንት ጊዜ ጨረሰ? ያቋረጠ አለ? ለምን? ጽሑፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጻፈው የማን ስም ነው? የሲኩዌንሲንጉን (የዲኤንኤ ንባቡን) ወጪ የሚከፍለው ማነው፣ ገንዘቡስ ተገኝቷል ወይስ «ይመጣል» ነው? መልሱን ብቻ አትስሚ፤ ከመመለሳቸው በፊት ስንት ሰከንድ ዝም እንዳሉም ልብ በይ።

ትልቁ ላብራቶሪ ውስጥ ፕሮፌሰሩን በወር አንዴ ብታገኚ ዕድለኛ ነሽ። ያ የግድ መጥፎ አይደለም። በየቀኑ የሚከታተልሽ አንድ ፖስትዶክ (ዶክትሬቱን የጨረሰ ተመራማሪ) በስም ከተመደበልሽ ደህና ነው። «ሁላችንም እንረዳሻለን» ከተባልሽ ግን ማንም አይረዳሽም ማለት ነው። ትንሹ ላብራቶሪ ውስጥ ጀማሪዋ አማካሪ አጠገብሽ ቁጭ ብለው ስህተትሽን ያሳዩሻል፤ ከተጋጫችሁ ግን መሸሸጊያ የለሽም። ገንዘባቸውም ያንቺን የትምህርት ዘመን እስከ መጨረሻ መሸፈኑን በጽሑፍ ማየት አለብሽ። እንደ ነገርሽኝ ሁኔታሽ፣ ገንዘቡ ከተረጋገጠና ጥያቄያቸው ከያዘሽ፣ እኔ ወደ ጀማሪዋ አደላለሁ። ኮዲንግ ከዜሮ የሚጀምር ሰው የሚያስፈልገው ትልቅ ስም ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። እሳቸውም ባክቴሪያ ማሳደግ የሚችል እጅ ሲያገኙ ደስታቸውን አይችሉትም፤ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እንደ እኔ በኮምፒውተር በር የገቡ ከሆኑ ደግሞ ለምነው ነው የሚወስዱሽ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ጎበዝ እጅ ያለው ሰው የላብራቶሪው አገልጋይ ሆኖ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። የሌላውን ናሙና ስታሳድጊ ሁለት ዓመት እንዳያልፍሽ፣ የራስሽ ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ከመግባትሽ በፊት ተነጋገሩ።

ስታቲስቲክስ ላይ ያገኘሻት ሲ፦ አትደብቂያት። ትራንስክሪፕትሽ ላይ አለች፣ ያዩዋታል። ረጅም ማመካኛም አትጻፊ። ማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንዱ ውጤቱን ያምናል፤ ሌላው ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራሽ ይናገራል፤ ለምሳሌ ያወረድሻቸውን አሥር ጂኖሞችና ከእነሱ ያገኘሽውን። ከአሥሩ አንዱ የተበከለ ሆኖ ካገኘሽው ደግሞ እሱንም ጨምሪበት። እኔ ተቀባይ ብሆን መጀመሪያ የማነበው ያንን ነው።